ስስ ሸክላ፣ ጽኑ ጣሪያ

ኒውዮርክ ውስጥ በ42ኛው ጎዳና ወዳለው የግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ የገባ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና ያደርጋል። በታላቁ አዳራሽ ላይ የተዘረጋው አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ ጣሪያ፣ ከደለዊ እስከ ሸርጣን በወርቅ ቀለም የተሣሉት ከዋክብቱ፣ ቀና ሳያሰኙ አያሳልፉም። መንገደኛው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል፤ ከዚያም ወደ ባቡሩ ይሮጣል።

ያ ጣሪያ ውብ ነው፤ ነገር ግን ሥዕል ነው፤ ከበላዩ ባለው የብረት መዋቅር ላይ የተንጠለጠለ ሥዕል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ፣ ሰዎች ተቀምጠው በሚመገቡበት ክፍል ላይ የተደፋው ጣሪያ ግን ሌላ ነው። የከዋክብት ሥዕል የለበትም፤ ወርቅም አልነካውም። ስስ ሸክላ በእጅ እየተለጠፈ የተሠራ ቅስት ነው፤ የሚያቆመውም የተጠማዘዘበት ቅርጽና የግንበኛው ጥንቃቄ ነው። በዚህ ጣቢያ ካለው የእጅ ሥራ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህንን ነው።

ምግብ ቤቱ ግራንድ ሴንትራል ኦይስተር ባር ይባላል። ከጣቢያው ጋር በ1913 ተከፈተ፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ራሱ የሥራው አካል ነው። ጣቢያውን የነደፉት ሪድ ኤንድ ስቴም እና ዋረን ኤንድ ዌትሞር የተባሉ ሁለት የሥነ ሕንፃ ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ በደረጃ እንዳይንገላታ ብለው ፎቆቹን በዘቅዛቃ መተላለፊያዎች አገናኟቸው። ቁልቁለቱ ለስላሳ ነው፤ ሰው ሲወርድ መውረዱ ብዙም አይታወቀውም። የአዳራሹ ብርሃን ከኋላ እየቀረ፣ ጣሪያው ቀስ በቀስ እየቀረበ ይመጣል።

መተላለፊያዎቹ በምግብ ቤቱ በር ፊት ሲገናኙ ከላያቸው አራት ማዕዘን ያለው ዝቅተኛ ቅስት ይሠራሉ። እዚህ ቦታ ላይ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲያወሩ ይታያሉ። አንዱ በአንደኛው ማዕዘን ሹክ ይላል፤ ሌላው በማዶኛው ማዕዘን ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ቃል በቃል ይሰማዋል። በመካከላቸው የሚያልፈው ሕዝብ ግን አንዳች አይሰማም። አስማት የለበትም። ሸክላው ጠንካራና ልሙጥ ስለሆነ ድምፁን አይውጠውም፤ ጥምዙም ድምፁን ሳይበትን በጣሪያው ላይ እያስከተለ ወደ ማዶ ያወርደዋል። ጥምዙ ያልተስተካከለ ቢሆን ኖሮ ሹክሹክታው መንገድ ላይ ይበተን ነበር። ስለዚህ ይህ ቦታ የግንበኛው እጅ ምን ያህል ልከኛ እንደነበረ በጆሮ የሚመረመርበት ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ፍቅረኞች ይተጫጩበታል፤ የእኔ ዓይን ግን ሁልጊዜ ወደ ሸክላዎቹ መጋጠሚያ ይሄዳል።

በሩን አልፈው ሲገቡ ክፍሉ ሰፊ ነው፤ 440 ያህል ሰው ያስቀምጣል። ሆኖም ባዶ አዳራሽ ውስጥ የገቡ አይመስልዎትም፤ ጣሪያው አንድ ወጥ ሆኖ አልተዘረጋምና። ከዓምዶቹ የሚነሡት ቅስቶች ክፍሉን ከፋፍለው፣ እያንዳንዱን የጠረጴዛ ስብስብ የራሱ ጣሪያ ያለው አድርገውታል። ቅስቶቹ የሚነሡት ከዝቅታ ስለሆነ ሸክላዎቹን ለማየት መነጽር አያስፈልግም። ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ ክሬም ነው። ቀጥ ብለው አልተደረደሩም፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ እያዘነበለ በሰያፍ ይጋጠማሉ። ቅስቶቹ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ደግሞ ትናንሽ አምፖሎች በረድፍ ተተክለዋል፤ ብርሃናቸው የጣሪያውን ጥምዝ ከግርጌ እስከ ጫፍ ያሳያል።

ዓይን ከለመደው በኋላ ዝርዝሩ ይመጣል። በሸክላና በሸክላ መካከል ያለው መጋጠሚያ ሰፋ ያለ ነው፤ ሊደበቅ አልተሞከረም። ጠፍጣፋ ነገር በጥምዝ ላይ ሲነጠፍ የሆነ ቦታ ላይ መከፈት ወይም መጥበብ ግድ ነው፤ ጎበዝ ግንበኛ ያንን ልዩነት በአንድ ቦታ አያከማቸውም፤ ለብዙ መጋጠሚያዎች በጥቂት በጥቂቱ ያካፍለዋል። ለዚህ ነው ረድፉ ሳይዛነፍ ከዓምድ ተነሥቶ ዓምድ ላይ የሚያርፈው። ሁለት ቅስቶች በሚጋጠሙበት ስፍራ ሸክላው በሰያፍ ተቆርጧል። እዚያ ላይ አንዲት ቁራጭ ብትሳሳት መስመሩ ሁሉ ይጣመማል፤ አምፖሎቹም ስሕተቱን ያጋልጡት ነበር። መብራት የተተከለው ሥራው በጣም ከባድ በሆነበት ጠርዝ ላይ መሆኑ ሠሪዎቹ በእጃቸው ምን ያህል ይተማመኑ እንደነበር ይነግረኛል።

እንዲህ ያለ ጣሪያ እንዴት ይሠራል? ጣሪያውን የሠራው የጓስታቪኖ ድርጅት ዘወትር ይጠቀምበት የነበረው ሸክላ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ነው። ግንበኛው ከጠርዝ ይጀምራል። የሸክላውን ጎን ፈጥኖ የሚደርቅ ጀሶ ይቀባና ከግድግዳውና አስቀድሞ ከተለጠፈው ጎረቤቱ ጋር ያጣብቀዋል። ጥቂት ይዞት ይቆያል፤ ጀሶው ሲይዝ እጁን ይለቃል፤ ሸክላው ከሥሩ ምንም ሳይኖር አየር ላይ ይቀራል። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው። አንድ ረድፍ ሲሞላ ራሱን ይችላል፤ ለሚከተለው ረድፍም መነሻ ይሆናል። ጥምዙን ለመምራት ቀለል ያለ የእንጨት ልክ ይበቃል፤ ጣሪያውን በሙሉ የሚሸከም የእንጨት ጫካ ከሥር መትከል አያስፈልግም።

የመሶብ ክዳን ሲሰፋ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሰፊዋ ከሥር የሚደግፍላት ቅርጽ የላትም፤ እያንዳንዱ ዙር በፊተኛው ዙር ላይ ይቆማል፤ ጥምዙን የሚወስነው ዓይኗና የእጇ ልክ ነው። ልዩነቱ እርሷ ከጫፉ ጀምራ ወደ ጠርዝ ስትሄድ፣ ግንበኛው ከጠርዝ ተነሥቶ ወደ መካከል መሄዱ ነው።

የመጀመሪያው ድርብ ሲያልቅ ከላዩ ሁለተኛው በሲሚንቶ ይነጠፋል። እዚህ ላይ ሸክላው ቦታውን ይለውጣል፤ የላይኛው ሸክላ ወገብ በታችኞቹ መጋጠሚያ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ሦስተኛው ድርብም እንዲሁ። በዚህ መንገድ ስንጥቅ ከታች ወደ ላይ በቀጥታ የሚወጣበት መንገድ አያገኝም። ሦስቱ ድርቦች ከነሲሚንቷቸው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ቢኖራቸው ነው። ሸክላ ሲጎተት ደካማ፣ ሲጨመቅ ግን ብርቱ ነው፤ ቅስት ደግሞ ክብደትን ሁሉ ወደ መጨመቅ የሚለውጥ ቅርጽ ነው። ወደ ጎን የሚገፋውን ጉልበት በጠርዙ ያለው ግድግዳ ወይም ብረት ከያዘው፣ ስስነቱ ጉዳት መሆኑ ቀርቶ ጥቅም ይሆናል፤ የቀለለ ጣሪያ የሚገፋውም በጥቂቱ ነውና።

ይህን ጥበብ ወደ አሜሪካ ያመጣው ራፋኤል ጓስታቪኖ ነው። በ1842 በስፔን ቫሌንሲያ ተወለደ፤ በባርሴሎና ፋብሪካዎችና ቤቶች ሠርቶ ስም ካወጣ በኋላ በ1881 ትንሹን ልጁን ይዞ ኒውዮርክ ገባ። ስስ የሸክላ ቅስት በአገሩ ለዘመናት የኖረ የግንበኞች እውቀት ነበር፤ በአሜሪካ ግን የሚያውቀው አልነበረም። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ከተሞች እሳትን ይፈሩ ነበር፤ ቺካጎ በ1871፣ ቦስተን በ1872 ተቃጥለው ነበርና። ከእንጨት ወለልና ጣሪያ ይልቅ አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ሸክላ ይሻላል ብሎ ጓስታቪኖ ተከራከረ፤ በ1885ም የአሠራሩን የባለቤትነት መብት አስመዘገበ።

ሰው ግን በቀላሉ አላመነውም። ስስነቱ ያስፈራ ነበር። በ1889 የቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲገነባ የተነሣ አንድ ፎቶ አለ፤ ጓስታቪኖ ገና በተሠራ ስስ ቅስት ላይ ራሱ ወጥቶ ቆሟል። የእጁን ሥራ በገዛ አካሉ ክብደት አስመሰከረ። የዚያ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ለድርጅቱ በር ከፈተለት፤ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ዙሪያ ወደ 1,000 በሚጠጉ ሕንፃዎች ውስጥ የድርጅቱ ቅስት ገባ። አባትየው በ1908 ሲሞት ተመሳሳይ ስም የተሸከመው ልጁ ሥራውን ተረከበ። ስለዚህ በ1913 የተከፈተው የግራንድ ሴንትራል ጣሪያ የተሠራው በልጁ ዘመን ነው። አንድ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እንደሚቀጥን ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ እዚህ ላይ ግን ሙያው ጠነከረ።

ለዚህ ጥንካሬ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። በኒውዮርክ ወደብ ባለችው ኤሊስ ደሴት፣ ስደተኞች ይመዘገቡበት የነበረው ታላቅ አዳራሽ ጣሪያ በ1918 በዚሁ ድርጅት ተሠራ። ከ28,000 በላይ ሸክላዎች አሉት። ሕንፃው ለአሥርት ዓመታት ተዘግቶ፣ ዝናብና በረዶ ሲፈራረቅበት ከኖረ በኋላ በ1980ዎቹ ሲታደስ፣ መለወጥ ያስፈለጋቸው 17 ሸክላዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። ከዚህ በላይ ግንበኛን የሚያወድስ ቃል አላውቅም።

ወደ ኦይስተር ባር ጣሪያ ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ የምወድለት ግልጽነቱን ነው። አብዛኛው ጣሪያ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የሚሸከመው፣ ሁለተኛው የሚታየው። እኛም አገር ቆርቆሮውንና ማገሩን በኮርኒስ እንሸፍናለን፤ ኮንክሪቱን በልስን እናለብሳለን። በዚህ ክፍል ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ከወንበርዎ ሆነው የሚያዩት ሸክላ ቅስቱን ከሠሩት ድርቦች የመጀመሪያው ነው። ጌጡን ለማስቀረት ጣሪያውን ማፍረስ ይጠይቃል። ግንበኛው አንዲት ሸክላ አጣምሞ ቢያስቀምጥ በኋላ መጥቶ የሚሸፍንለት ለሳኝም ሆነ ቀለም ቀቢ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ እየተጠነቀቀ መዋል አለበት፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ጥንቃቄው አሁንም ይታያል።

ጣሪያው አንድ ጠባይ አለው፤ ጫጫታ ይይዛል። በምሳ ሰዓት የሳህን ኳኳታ፣ የአስተናጋጆች ጥሪ፣ የመቶዎች ወሬ ከሸክላው ላይ እየነጠረ ክፍሉን ይሞላል። ለሹክሹክታ መንገድ የሆነው ጥንካሬ እዚህ ውስጥ ለሁካታም መንገድ ነው። ድርጅቱ ይህን ጠባይ አጥንቶታል። ልጁ ጓስታቪኖ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የድምፅን ሳይንስ ከሚያጠናው ዋላስ ሴባይን ጋር ሆኖ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላና ድምፅን የሚውጥ ሸክላ ፈለሰፈ፤ ያንንም ለአብያተ ክርስቲያናት ሠራበት። ኦይስተር ባር ግን ከነጠንካራው ሸክላ ቀረ። እኔ በዚህ አላዝንም። የባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት ጸጥ ያለ እንደሆነ መንገደኛ የለውም ማለት ነው። ሞቅ ያለውን ድምፅ የማይወድ ሰው ከምሳ በኋላ፣ ከእራት በፊት ባለው ሰዓት ቢሄድ ክፍሉን ረጋ ብሎ ያገኘዋል።

መቀመጫው ብዙ ዓይነት ነው። ቀይና ነጭ ዳማ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች አሉ፤ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ዝቅ ያሉ ባንኮኒዎች አሉ፤ በሚወዛወዝ በር የሚገባበት፣ ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ መጠጥ ቤትም አለ። የእጅ ሥራ ማየት ለሚወድ ሰው ቦታው ኦይስተር የሚከፈትበት ባንኮኒ ነው። በዚያ ሲቀመጡ ከላይ የግንበኛው፣ ከፊት የምግብ ሠሪው እጅ ይታያል።

ኦይስተር በሁለት ድንጋይ መሰል ቅርፊቶች መካከል የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው። በእኛ ኦርቶዶክሳዊ ልማድ ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ እንጂ እንዲህ ያለው አይበላም፤ እኔም አልበላውም። በምግብ ዝርዝሩ ላይ ግን ዓሣ እንደ ልብ አለ፤ ዝርዝሩም ባሕሩ በሰጠው መጠን በየቀኑ ይታደሳል። በፍም ተጠብሶ የመጣልኝ ዓሣ ቆዳው ጠቆር ብሎ ተሰንጥቆ፣ ሥጋው ሳይደርቅ፣ ከአንድ ቁራጭ ሎሚ ጋር ብቻ ሳህን ላይ ተኝቶ ነበር። ስጎ አልተደፋበትም። ዓሣው ትኩስ ካልሆነ፣ እሳቱም ካልተለካ እንዲህ ራቁቱን ማቅረብ አይቻልም። የጣሪያውና የሳህኑ ሥራ በዚህ ይመሳሰላል፤ ሁለቱም የሚደበቅ ነገር የላቸውም።

የማልበላውን ነገር ሲሠሩት ማየት ግን እወዳለሁ። ከፋቹ ቅርፊቱን በአንድ እጁ አጥብቆ ይይዛል፤ አጭርና ደነዝ ጫፍ ያለውን ቢላ ሁለቱ ቅርፊቶች በሚታጠፉበት ማጠፊያ ላይ ያስገባል። አይታገልም፤ ጫፉ ቦታውን ሲያገኝ አንጓውን ያዞራል፤ ቅርፊቱ ይከፈታል። ከዚያ ቢላውን ከላይኛው ክዳን ሥር አንሸራቶ ሥጋውን የያዘውን ጡንቻ ይቆርጣል፤ ክዳኑን ይጥላል፤ ከሥርም እንዲሁ ቆርጦ ያላቅቀዋል። የሥራው መለኪያ ሁለት ነው፤ ሥጋው አይቦጨቅም፤ በቅርፊቱ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው የባሕር ውኃም አይፈስም። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ በበረዶ ላይ ሲደረደሩ ሁሉም ደረጃቸውን ጠብቀው፣ ውኃቸውን እንደያዙ ይቀመጣሉ።

ከዚያ ባንኮኒ ኋላ በእንፋሎት የሚሞቁ ትናንሽ የብረት ድስቶች ተሰቅለዋል። ድስቶቹ ድርብ ግድግዳ አላቸው፤ እንፋሎቱ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ይዞራል፤ ስለዚህ እሳት በቀጥታ አይነካቸውም፤ ምግቡም አያርርም። የቤቱ ዝነኛ ምግብ ፓን ሮስት የሚሠራው በእነዚህ ነው። ቅቤው ይቀልጣል፤ የባሕር መረቅ፣ ቺሊ ሶስ፣ ፓፕሪካና የሴለሪ ጨው ይገባል፤ ኦይስተሩ ጠርዙ እስኪጨማደድ ብቻ ይቆያል፤ በመጨረሻ ክሬም ይጨመራል። ሠሪው ድስቱን ከመሰቀያው ሳያወርድ ወደ ፊት ያዘነብለዋል፤ ቀላ ያለው ወጥ ሳህን ውስጥ በተኛ የተጠበሰ ዳቦ ላይ ይፈስሳል። ክሬም ሙቀት ከበዛበት ይበጠሳል፤ ኦይስተር ጊዜ ከበዛበት ጎማ ይሆናል። ሠሪው ሰዓት ሲያይ አላየሁም፤ የሚያየው የድስቱን አረፋ ነው።

ይህ ምግብ በዚህ ጣቢያ ውስጥ መገኘቱ በአጋጣሚ አይደለም። ኒውዮርክ በአንድ ወቅት የኦይስተር ከተማ ነበረች፤ ወደቧ በእርሱ የተሞላ፣ ሀብታሙም ድሃውም የሚበላው ነበር። በኋላ ውኃው ተበክሎ በ1920ዎቹ በወደቡ የሚካሄደው ለቀማ ቆመ። ዛሬ ምግብ ቤቱ የሚያቀርበው ከሌሎች ባሕሮች የሚመጣውን ነው።

የምግብ ቤቱም ዕድሜ ያለ መናጋት አላለፈም። የረጅም ርቀት ባቡር እየተዳከመ ሲሄድ ገበያው ቀዘቀዘ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። በ1974 ጄሮም ብሮዲ የተባለ የምግብ ቤት ባለሙያ ተረክቦ በባሕር ምግብ ላይ አተኩሮ ዳግም ከፈተው። በ1999 ደግሞ ድርጅቱን ለሠራተኞቹ ሸጠላቸው። ከባንኮኒው ኋላ ቢላ የያዘው ሰው የቤቱ ባለድርሻ ሊሆን መቻሉ በሥራው ላይ የሚታይ ይመስለኛል።

ጣቢያው ራሱ ከመፍረስ የተረፈው በትግል ነው። በዚያው ከተማ የነበረው ፔንሲልቬንያ ጣቢያ በ1963 መፍረስ ሲጀምር ብዙ ሰው ነቃ። ግራንድ ሴንትራል በ1967 በቅርስነት ቢመዘገብም፣ ባለቤቱ የባቡር ኩባንያ በላዩ ላይ ከ50 ፎቅ በላይ ያለው ሕንፃ ለማቆም ጠየቀ፤ ሲከለከልም ከሰሰ። የቀድሞዋን ቀዳማዊት እመቤት ጃክሊን ኬኔዲ ኦናሲስን ጨምሮ ብዙዎች ለጣቢያው ቆሙ። በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለከተማው ፈረደ። ከዚያ በ1990ዎቹ እድሳት ተደርጎለት በ1998 ተመረቀ። ለአዲሱ ደረጃ የሚሆን እብነ በረድ ከቀድሞው ጋር እንዲመሳሰል በቴነሲ የነበረው ካባ እንደገና ተከፈተ። የከዋክብቱ ጣሪያ ጥቀርሻ ሲጸዳ ደግሞ፣ ከሸርጣኑ አጠገብ አንዲት ጥቁር ቁራጭ ሆን ተብላ ሳትነካ ቀረች፤ የቀድሞውን መልክ እንድትመሰክር።

እድሳቱ እየተካሄደ ሳለ በ1997 በምግብ ቤቱ ውስጥ እሳት ተነሣ። ሙቀቱ የጣሪያውን ሸክላዎች ጎዳ። እዚህ ላይ የጠጋኙ ሥራ ከሠሪው ሥራ ይከብዳል። ሠሪው ሸክላውን በራሱ ረድፍ ያስኬዳል፤ ጠጋኙ ግን በሌላ ሰው ረድፍ ውስጥ መግባት አለበት። ቀለሙ፣ የመጋጠሚያው ስፋት፣ የሰያፉ ዘንበል ካልተመሳሰለ ጥገናው ቁስል ሆኖ ይቀራል። ዛሬ በክፍሉ ውስጥ ቀና ብዬ ስመለከት አሮጌውን ከአዲሱ መለየት ያቅተኛል። ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ግንበኞች ከእነርሱ ከ80 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በሠሩ ሰዎች ልክ ሠርተዋል፤ ለእኔ የእድሳት ከፍተኛው ደረጃ ይህ ነው።

ይህ ሙያ ሊጠፋ ተቃርቦ እንደነበር መርሳት የለብንም። ኮንክሪትና ፌሮ እየረከሱ፣ የሠራተኛ ዋጋ እየተወደደ ሲሄድ የጓስታቪኖ ድርጅት በ1962 ተዘጋ። ሰነዶቹን ከመጣል ያዳናቸው ጆርጅ ኮሊንስ የተባለ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ነው። በኋላ መሐንዲሶች እነዚያን ሥዕሎችና ደብዳቤዎች እያጠኑ አሠራሩን እንደገና ማስተማር ጀመሩ።

ያ ትምህርት እኛም ዘንድ ደርሷል። በ2010 እና በ2011 በአዲስ አበባ፣ የዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት በአንድነት ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ሠሩ። የወለሉ ቅስት የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በእሳት የተተኮሰ ሸክላ ሳይሆን፣ ከአፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ የተጨመቀ ስስ ጡብ እየተለጠፈ። ዓላማው ፌሮና የእንጨት ድጋፍ ውድ በሆኑበት አገር፣ አፈርና የሰለጠነ እጅ ቤት ማቆም እንደሚችሉ ማሳየት ነበር። የኢትዮጵያ ሠራተኞችም ሙያውን ሠርተው ተማሩት። እንግዲህ በኒውዮርክ ጣቢያ ሥር ዓሣ እየበላን የምናደንቀው ጥበብ ለእኛ ግንበኛ የማይደረስበት አይደለም።

የራሳችን ጣቢያዎችም አሉን። ባቡር በ1902 የደረሰባት ድሬዳዋ ሙሉ ከተማ ሆና በጣቢያዋ ዙሪያ ተመሠረተች። የአዲስ አበባው ለገሃር ሕንፃ በ1929 ተመርቆ ለትውልዶች መገናኛ ሆነ፤ በአጠገቡም ቡፌ ደ ላ ጋር ተጓዡንና የከተማውን ሰው ሲያስተናግድ ኖሯል። አዲሱ የባቡር መስመር በሌላ በኩል ስለሚያልፍ ከድሮዎቹ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ሥራ ፈትተዋል። ሥራ የፈታ ሕንፃ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ከግራንድ ሴንትራል የምንማረው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ያ ጣሪያ የቆየው በመስታወት ስለተከለለ ሳይሆን ከሥሩ ሰው ስለሚበላ፣ የሚበላውም ሰው ስለሚከፍል፣ በተከፈለውም ሸክላው ስለሚጠገን ነው።

ኒውዮርክ ያላችሁ ወይም የምታልፉ ወገኖች፣ ከባቡር በፊት አንድ ሰዓት ካላችሁ ወደ ታች ውረዱ። ኦይስተር መብላት ግድ አይደለም፤ ዓሣ እዘዙ፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊትም ቀና ብላችሁ መጋጠሚያዎቹን በዓይናችሁ ተከተሉ። አገር ቤት ያላችሁና የድሮ ጣቢያ፣ የድሮ መጋዘን ወይም የድሮ ድልድይ በኃላፊነታችሁ ሥር ያለ ደግሞ፣ የማፍረሻ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጎበዝ ግንበኛ ጠርታችሁ ሥራውን አስመርምሩ። የሚድን ከሆነ አድኑት፤ ካዳናችሁትም በኋላ ሥራ ስጡት።